ብረቱ ርካሽ፣ ማርሹ ውድ፦ ከኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተመዘገበ

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የዱቄት ፋብሪካና አንድ ቶርኖ ቤት በማርሽ ዋጋ ተጣልተው ነገሩ ወደ ሽምግልና መጣ። እኔ የተጠራሁት የብረታ ብረት ሥራ ስለማስተምርና ሁለቱንም ወገኖች ስለማውቃቸው ነው። ክርክሩ በየከተማው የሚሰማ ዓይነት ነው። ገዢው «ብረቱ ይህን ያህል አያወጣም» ይላል፤ ሠሪው «ድካሜን ማን አየልኝ» ይላል፤ ከዚያ ወይ ሥራው ይቀራል ወይ አንዱ ተበድዬአለሁ ብሎ ይሄዳል። በዚህኛው ጉዳይ ግን ዋጋው ወረቀት ላይ ተዘርግቶ መስመር በመስመር ተመረመረ። መመዝገብ ይገባዋል ያልኩት ለዚህ ነው። ሁለቱም ወገኖች ስማቸውና የተከፈለው ገንዘብ እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ በብር ፈንታ ድርሻውን እጽፋለሁ።

ዳራ

ፋብሪካው ስንዴ የሚፈጨው በሮለር ነው። በአንድ ማሽን ውስጥ ሁለት ጥቅል ብረቶች ጎን ለጎን ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ ፍጥነታቸው ግን እኩል አይደለም። ስንዴውን መጀመሪያ በሚከፍቱት ሮለሮች ላይ ዘገምተኛው አንድ ጊዜ ሲዞር ፈጣኑ ሁለት ጊዜ ተኩል ይዞራል። ፍሬውን ገልጦ ዱቄቱን ከፍሩሽካው የሚለየው ይህ የፍጥነት ልዩነት ነው። ልዩነቱን የሚጠብቁት ደግሞ በሮለሮቹ ጫፍ ላይ ዘይት ውስጥ የሚዞሩ ሁለት ማርሾች ናቸው፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ።

እነዚህ ማርሾች ከመደርደሪያ ተነሥተው የሚሸጡ ዓይነት አይደሉም። ሮለር ሲበላ እንደገና ይሳላል፤ በተሳለ ቁጥርም እየቀጠነ ይሄዳል፤ ስለዚህ በሁለቱ ማርሾች መካከል ያለው ርቀት በማሽኑ ዕድሜ ውስጥ ይለዋወጣል። ሮለሮቹ ሲራራቁም ሲቀራረቡም ጥርሶቹ ሳይላቀቁና ሳይነካከሱ እንዲሠሩ ከተለመደው ረዘምና ጠለቅ ተደርገው ይቆረጣሉ። ይህን ሳያውቅ ናሙናውን አይቶ ብቻ የሚቆርጥ ሰው መልኩን ይደግመው ይሆናል እንጂ ሥራውን አያገኘውም።

ማሽኑ አውሮፓ ሠራሽና አሮጌ ነው። አምራቹ በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ ማርሹን በጥርሳም ቀበቶ ስለተካው የድሮውን የሚሠራው በልዩ ትእዛዝ ብቻ ነው። የማሽኑ መመሪያና ንድፍ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ ከቢሮው ጋር ጠፍቷል። ከውጭ ለማስመጣት የተጠየቀው ዋጋ በዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያው ዶላር በብር ሲመነዘር ሌላ ዋጋ ሆኖ ቁጭ አለ።

የመጀመሪያው ሙከራ

ትንሹ ማርሽ ጥርሱ ሲሰበር ፋብሪካው በሌላ ከተማ ርካሽ ሠሪ አገኘ። ሰውየው ንድፍ አልጠየቀም፤ የብረቱን ዓይነት አልጠየቀም፤ የተሰበረውን ተቀብሎ ከተራ ብረት፣ በተለመደው የጥርስ ቁመት ቆርጦ ላከ። ማርሹ ሲገጠም ዞረ። ደስታው ብዙ አልቆየም። ጥርሱ ስላልጠነከረ ቶሎ ተበላ፤ ብናኙ ዘይቱን አጠቆረው፤ ቁመቱ ስላልተስማማም ጤነኛ የነበረውን ትልቁን ማርሽ ፍቆ አበላሸው። አንድ ማርሽ ይፈልግ የነበረ ፋብሪካ ጥንድ ፈላጊ ሆነ። ማሽኑ ቆሞ የዋለበት ጊዜ ኪሳራ ደግሞ በማንም ደረሰኝ ላይ አልተጻፈም።

ፕሮፎርማው ያስነሣው ቁጣ

ሁለተኛው ፕሮፎርማ ከኮምቦልቻው ቶርኖ ቤት መጣ። ከመጀመሪያው ሠሪ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የፋብሪካው ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ በከተማው የተከበሩ ሐጂ ናቸው። በጣም ያስቆጣቸው የማርሹ ዋጋ አልነበረም፤ ማርሹን ከሻፍቱ፣ ማለትም ከሚዞረው ዘንግ፣ ጋር የምታቆላልፈው፣ በሁለት ጣት የምትያዝ የብረት ቁራጭ ዋጋ ነበር። ሠራተኞቹ ኪ የሚሏት ናት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣

«ልጄ፣ ይህ የወፍጮ ዕቃ ነው ወይስ የመድፍ? ብረቱ እኮ ተመዝኖ ቢሸጥ የምሳ አያወጣም» አሉ።

ባለሙያው ወጣት ቢሆንም ረጋ ያለ ነው። «ሐጂ፣ የሚፈልጉት ብረቱን ከሆነ አሁኑኑ በነጻ እሰጥዎታለሁ። እርስዎ ግን የሚፈልጉት ማሽኑ እንዲዞር ነው» አለ።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ይሁን እንጂ ባለሙያው ዋጋው ከምን እንደተሠራ አላሳየም፤ በፕሮፎርማው ላይ የሰፈረው የየዕቃው ስም፣ ብዛትና ዋጋ ብቻ ነው። ገዢ በዓይኑ የሚያየው ብረቱን ስለሆነ በብረቱ መመዘኑ አይገርምም። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅሁት ዋጋ እንዲቀነስ ሳይሆን እንዲዘረዘር ነው።

ዋጋው ሲዘረዘር

ጥሬ ብረቱ፣ ያውም ለማጠንከር የሚሆን ደኅና ብረት፣ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ አልሞላም። ማርሹን ቆርጦ የመጨረሱ ዋጋም ሐጂው ከገመቱት ብዙ የራቀ አልነበረም። ትልቁ ድርሻ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ አንድም ጥርስ ከመቆረጡ በፊት የሚያልቅ ወጪ ነው። ከተሰበረና ከተበላ ናሙና ተነሥቶ ትክክለኛውን ልክ ማግኘት፣ ንድፍ ማውጣት፣ ለዚህ የጥርስ ቅርጽ የሚሆን መቁረጫ ገበያ ላይ ስለሌለ በእጅ ስሎ ማዘጋጀት፣ ጥርሱን የሚቆርጠውን ማሽን፣ ፍሬዛውን፣ ማስተካከል፣ በርካሽ ብረት ላይ ሞክሮ ማየት። ከዚያ ማጠንከሪያው ይመጣል። ላዩ ጠንክሮ ውስጡ የማይሰበር ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርግ፣ ሙቀቱ የሚለካ ምድጃ ባለሙያው በአቅራቢያው ስላላገኘ ዕቃው ጣርማበርን ተሻግሮ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሲመለስ ደግሞ እሳት ያጣመመው ቀዳዳ እንደገና ይስተካከላል። በመጨረሻ የመበላሸት ሥጋት አለ። ከምድጃ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ደኅና ሆኖ አይወጣም፤ የተበላሸውን የሚከፍል ሰው መኖር አለበት።

ለሐጂው ነገሩን በምሳሌ ቁጥር አሳየኋቸው። ዝግጅቱ 30,000 ብር፣ እያንዳንዱን ማርሽ መሥራት ደግሞ 6,000 ብር ይፈጃል እንበል። አንድ ብቻ ሲታዘዝ ዋጋው 36,000 ብር ነው። አራት ሲታዘዝ ዝግጅቱ ለአራት ይከፈልና እያንዳንዱ 13,500 ብር ይሆናል። መቶ ቢታዘዝ 6,300 ብር ላይ ይወርዳል። ብረቱ ያው፣ እጁም ያው ነው።

ሐጂው ወረቀቱን ለአፍታ አዩና «ለአንድ እንጀራ ምጣድ እንደማስማት ነው በለኛ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ከፍ አላለም።

የኪዋ ምሥጢርም ተገኘ። ባለሙያው የዝግጅቱን ወጪ በፕሮፎርማው ላይ ላሉት ዕቃዎች እኩል አካፍሎት ነበር። ስለዚህ ትልቁ ማርሽ ከሚገባው በታች፣ ኪዋ ከሚገባት እጅግ በላይ ተሸክማለች። ይህ ድምሩን አይለውጥም፤ መስመሮቹ ግን ሰው ያስቆጣሉ።

የመድፉ ንጽጽር

ሐጂው በቁጣ የጠሩት መድፍ ከጨዋታ ውጭ አልነበረም። የጦር ዕቃ ዋጋ የሚንረው በአብዛኛው በእነዚሁ ምክንያቶች ነው። የዓለም ታላላቅ ጦሮች ሒሳብ ከኮምቦልቻው ቶርኖ ቤት ሒሳብ ጋር ይህን ያህል መመሳሰሉ ብዙ ሊያስተምረን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ መዶሻ በ435 ዶላር ገዛ ተብሎ አገር ተናወጠ። የመዶሻው ታሪክ የኪዋ ታሪክ ነው። በአንድ ውል ውስጥ ያሉ ዕቃዎች የጋራ ወጪውን በዋጋቸው መጠን ሳይሆን እኩል ተካፍለውት ስለነበር መዶሻው የማይመጥነውን ጭነት ተሸከመ። በአንጻሩ በዚያው ውል ውስጥ ያለ ውድ ዕቃ ከሚገባው በታች ዋጋ ተጽፎለት ያልፋል፤ እርሱን ግን ጋዜጣ አይጽፈውም።

የብዛቱ ሒሳብ ደግሞ ዙምዋልት በተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ጎልቶ ታየ። 32 መርከቦች ይሠራሉ ተብሎ ታቅዶ የተሠሩት 3 ብቻ ናቸው። ለመርከቡ መድፍ ብቻ ተብሎ የተነደፈው ጥይት የምርምሩ ወጪ በጥቂት ጥይቶች ላይ ስለወደቀ የአንዱ ዋጋ ወደ 800,000 ዶላር ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግዢው ቀረ። መድፉ ተገጥሞ ጥይት አጣ። ቢ-2 የተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላንም 132 ሊሠራ ታስቦ 21 ብቻ ተሠራ፤ የምርምሩ ወጪ ሲታከል የአንዱ ዋጋ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ።

ሦስተኛው ምክንያት የማረጋገጫ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1963 ትሬሸር የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ 129 ሰዎችን ይዛ ሰጠመች። ከዚያ በኋላ የባሕሩን ግፊት የሚቋቋመው የመርከብ ክፍል ሁሉ፣ ቧንቧውና መዝጊያው ሳይቀር፣ ብረቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደበየደው፣ ማን እንደመረመረው የሚያሳይ መዝገብ እንዲኖረው ተደረገ። ሁለት ቧንቧዎች በዓይን ሲታዩ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ የአንደኛው ዋጋ እጥፍ ድርብ የሚሆነው አብሮት በሚመጣው ወረቀትና ከወረቀቱ ጀርባ ባለው ምርመራ ነው። ይህን ወጪ ብክነት የሚል ሰው ውኃው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ማሰብ አለበት።

ወሎ ራሷም የዚህ ዓይነት ምስክር አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ሠራዊቱ ገደሉን እየናደ መንገድ እየሠራለት ነው የጎተተው፤ ጉዞው ወራት ፈጀ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። ዋጋውን በነሐሱ ክብደት ብቻ የሚያሰላ ሰው ጋፋትን ሙሉ፣ መንገዱን ሙሉ፣ የጎተተውን ሠራዊት ሙሉ ይረሳል።

ሆኖም ውድ የሆነ ሁሉ ምክንያት አለው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ መከላከያ መርማሪዎች አንድ ብቸኛ አቅራቢ 46 ዶላር ሊያወጣ የሚገባውን ትንሽ የብረት ፒን በ4,361 ዶላር መሸጡን አጋልጠዋል። እዚህ ላይ ዝግጅትም ማረጋገጫም አይደለም ዋጋውን የሰቀለው፤ ሌላ ሻጭ አለመኖሩ ነው። በእኛም ጉዳይ ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ መስመር ማስረጃ አጣ። ስጠይቀው ባለሙያው «ይህን ሥራ የሚሞክር ሌላ ሰው እዚህ ስለሌለ ነው» አለኝ። በግልጽ መናገሩን አከብርለታለሁ፤ መስመሩ ግን ተሰረዘ።

የተወሰደው እርምጃ

ዝርዝሩ ከተጣራ በኋላ የፋብሪካው ጥያቄ ራሱ ተመረመረ። በመጀመሪያው ኪሳራ የተደናገጠው የፋብሪካው ቴክኒክ ክፍል በማርሹ ገጽታ ሁሉ ላይ የአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ትክክለኛነት ጠይቆ ነበር። ይህ ልክ የሚያስፈልገው ሻፍቱ በሚገባበት ቀዳዳና በጥርሱ ላይ ብቻ ነው። ማንም በማይነካውና ምንም በማይነካው ጎኑ ላይ ይህን መጠየቅ ለማይፈለግ ትጋት መክፈል ነው። አላስፈላጊው ሲነሣ ዋጋው ያለ ክርክር ወረደ። ይህም በጦር ግዢ የታወቀ በሽታ ነው። በአንድ ወቅት የአሜሪካ ጦር ለፍራፍሬ ኬክ ብቻ 18 ገጽ መመዘኛ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዊልያም ፔሪ የጦሩ ልዩ መመዘኛ ካላስፈለገ በቀር በገበያው መመዘኛ ይገዛ ብለው አዘዙ።

ቀጥሎ ብዛቱን ለመጨመር ተሞከረ። ተመሳሳይ ማሽን ያላቸው ሌሎች ፋብሪካዎች ተፈለጉ። ሐጂው ራሳቸው ስልክ አንሥተው ደሴና ሌላ ቦታ ደወሉ። ፋብሪካዎቹ በገበያ የሚፎካከሩ ስለሆኑ እኔ ተስፋ አልነበረኝም፤ ግን ማርሽ ሲሰበር ሁሉም አንድ ዓይነት ችግር ላይ ነው። ሁለት ፋብሪካዎች በጋራ ትእዛዙ ለመግባት ተስማሙ፤ ሐጂውም ለመጠባበቂያ አንድ ተጨማሪ ጥንድ አዘዙ። የዝግጅቱ ወጪ በውል ለብቻው ተጽፎ ለታዘዙት ጥንዶች ተከፋፈለ። ከምድጃ ለሚበላሽ ዕቃ ደግሞ አንድ ትርፍ ብረት በጋራ ተገዛ፤ ሳይበላሽ ከቀረ ለፋብሪካዎቹ እንዲመለስ ተስማሙ።

የተሳካውና ያልተሳካው

ማርሾቹ ተሠርተው ተገጥመዋል፤ ማሽኑ ይሠራል። ዋጋው ከመጀመሪያው ርካሽ ሙከራ በላይ፣ ከውጭ ከተጠየቀው እጅግ በታች ሆነ። እጅ እየለመደ ሲሄድ ሥራው መፍጠኑም በግልጽ ታየ፤ የመጨረሻው ጥንድ ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ አለቀ። ቴዎዶር ራይት የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1936 በአውሮፕላን ፋብሪካ ያስተዋለው ይህንኑ ነው፤ የተሠራው ብዛት እጥፍ በሆነ ቁጥር ለአንዱ የሚጠፋው ድካም 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አንድ ብቻ የሚያዝ ሰው ሁልጊዜ የሚከፍለው የመጀመሪያውን፣ ሥራውን ገና የሚማረውን እጅ ዋጋ ነው።

ያልተሳካውም ቀላል አልነበረም። አንድ ማርሽ ከምድጃ ሲወጣ ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ተጣለ፤ ትርፍ ብረቱ ባይገዛ ኖሮ ጠቡ እንደገና ይነሣ ነበር። አንድ ቀን ጥርስ እየተቆረጠ መብራት ጠፍቶ መቁረጫው ብረቱ ውስጥ ቆመ፤ ዕቃው ቢድንም በእጅ የተሳለው መቁረጫ ጫፉ ተሰበረና እንደገና መሳል ግድ ሆነ። ይህን በውሉ ውስጥ ማንም አላሰበውም፤ ኪሳራው የባለሙያው ሆነ። ከተስማሙት ፋብሪካዎች አንዱ ደግሞ ማርሹ ካለቀ በኋላ ክፍያውን አዘገየ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁሉም እኩል ይሰብሰብ ብዬ ነበር፤ በወዳጅነት ታለፈ፤ የወዳጅነቱን ዋጋ ትንሹ ቶርኖ ቤት ለብቻው ተሸከመው። ይህ አሁንም ያናድደኛል።

የጥንካሬ መለኪያ ውጤትም አልተወሰደም። ሐጂው «ማርሹ ዞሮ እያየሁት ለወረቀት አልከፍልም» ብለው ከዝርዝሩ አስወጡት። በወፍጮ ላይ ይህ ሊታለፍ የሚችል ውሳኔ ነው፤ ማርሽ ቢሰበር ማሽን ይቆማል እንጂ ሰው አይሰጥምም። ሆኖም አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ቀድሞ ቢበላ ምክንያቱ ብረቱ ይሁን እሳቱ ለማወቅ መነሻ የለንም።

ለሌላ ቦታ የሚያገለግለው

ለገዢ የምለው ይህ ነው። ፕሮፎርማ ሲደርስህ «ቀንስ» ከማለትህ በፊት «ዘርዝር» በል። ዝግጅቱ ስንት ነው? የአንዱ መሥሪያ ስንት ነው? ለማረጋገጫውና ለብልሽት ሥጋት የተያዘው ስንት ነው? ዝግጅቱ ከበዛ መፍትሔው አብሮ የሚያዝ ሰው መፈለግ ነው፤ ማረጋገጫው ከበዛ ዕቃው ቢሰበር ምን እንደሚከተል ማሰብ ነው፤ ምክንያት የሌለው መስመር ካለ ደግሞ ሌላ ሠሪ መፈለግ ነው። ሦስቱን ሳይለዩ በጅምላ ማስቀነስ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው የማይታየውን፣ ማለትም የብረቱን ጥራትና ማጠንከሪያውን ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ማርሽ የሆነውም እንደዚያ ነው።

ለቶርኖ ቤቶች ደግሞ፦ የዝግጅት ወጪን በየዕቃው ውስጥ አትደብቁ፣ ለብቻው መስመር ስጡት። በሚቀጥለው ትእዛዝ ያ መስመር እንደማይደገም ገዢው ሲያይ ተመልሶ ይመጣል። መብራት ቢጠፋ፣ ምድጃ ቢያበላሽ ኪሳራው የማን እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ይጻፍ።

አንድ ጉዳይ ገና አልተቋጨም፤ ንድፉ የማን ነው? ሐጂው ዝግጅቱን ስለከፈልኩ የኔ ነው ይላሉ። ባለሙያው እውቀቱ የእጄ ነው፣ ንድፉን ለሌላ ሠሪ ከሰጡት በርካሽ ይሠራበታል ይላል። ጦሮችም በዚህ ይፈተናሉ፤ መሣሪያውን ገዝተው ንድፉን ያልገዙ እንደሆነ ለእያንዳንዱ መለዋወጫ ወደዚያው አምራች ይመለሳሉ፣ አምራቹ የጠራውን ይከፍላሉ። ቢ-52 የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የመጨረሻው ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ እስከ ዛሬም እየበረረ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ክፍሉን ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ከሥራው ወጥተዋል። ለጊዜው የንድፉ አንድ ቅጂ በፋብሪካው፣ አንዱ በቶርኖ ቤቱ እንዲቀመጥ፣ ባለሙያው በሕይወትና በሥራ እስካለ ድረስም ፋብሪካው ለሌላ ሠሪ እንዳይሰጥ በቃል ተስማምተዋል። በጽሑፍ ይሁን ብያቸዋለሁ፤ ሐጂው «እናስብበት» ብለዋል።